ለይሻሽ ትከሻ የሚሆን ላፕቶፕ

ይሻሽ ላፕቶፕ የፈለገችው ለትከሻዋ ነበር። ሌላው ገዢ ስለ ፍጥነቱ ይጠይቅ፣ ስለ ካሜራው ይጠይቅ፣ ስለ ባትሪው ይጠይቅ፤ የእሷ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ክብደቱ ስንት ነው? ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዛ ከቤቷ ወጣች፣ አውቶቡስ ተሳፈረች፣ «ታሃና መርካዚት» ከሚሉት ማዕከላዊ የአውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ካለው የገበያ አዳራሽ ገብታ ትልቁን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ዞረች። ከዚያም ጥያቄዋን ሳትጠይቅ፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ጥቁር ላፕቶፕ ይዛ ተመለሰች። አፍ እያላት! ይህን የሰማ ሁሉ «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ይላል። እንዴት እንደሆነ ይኸውና።

ይሻሽ እስራኤል አገር፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ በአንድ የጤና ድርጅት ውስጥ አገናኝ ናት፤ በዕብራይስጡ «ሜጋሼሬት» ይሏታል። ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች፣ ዕብራይስጥ የማይሰሙትን አዛውንቶች ከሐኪም ጋር ታገናኛለች። ሐኪሟ ቢሮዋ ሆና በስክሪን ትታያለች፤ ይሻሽ ከአዛውንቷ ጎን ተቀምጣ የዚህን ወደዚያ፣ የዚያን ወደዚህ ታደርሳለች። በእጅ ስልክ ተሞክሮ ነበር። ሐኪሟ ጥፍር አክላ ስትታያቸው እማማዎቹ «ይቺ ናት የምታክመኝ? መጀመሪያ ትደግ!» እያሉ ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። የሕመምተኛው መዝገብም ቢሆን የሚከፈተው በኮምፒዩተር ብቻ ስለሆነ ላፕቶፕ የግድ ነው።

ድርጅቱ ሰጥቷት የነበረው አሮጌ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ የወፍጮ ድንጋይ ያህል ነበር። የሽኩና ዳሌት ሕንፃዎች ደግሞ አብዛኞቹ አሳንሰር የሚባል ነገር አያውቁም፤ አዛውንቶቹም፣ ማን እንደመከራቸው እንጃ፣ ሁሉም ላይኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። በዚያ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ባለፈው ክረምት የቀኝ ትከሻዋ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ እጇ በጨርቅ አንገቷ ላይ ታስሮ ወራት ተቀመጠች። ወደ ሥራዋ ስትመለስ ኃላፊዋ ፕኒና ቢሮዋ ጠርታ ቁርጡን ነገረቻት። ሐኪም ከባድ ነገር እንዳትሸከም ጽፏል። ቀላል ላፕቶፕ ከገዛች ቤት ለቤቱን ትቀጥላለች፤ ትከሻዋ ዳግመኛ ካመማት ግን ወደ ስልክ ክፍሉ ትዛወራለች።

የስልክ ክፍሉን ይሻሽ ታውቀዋለች። ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ። እዚያ ቢያስቀምጧት ደመወዟ አይቀንስም፣ ፀሐይም አያገኛትም፤ የፈራችው ሌላ ነው። እነዚያ አሮጊቶች በስልክ ሲጠየቁ መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብቻ ነው። እቤታቸው ገብታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስለ ልጅ ስለ ልጅ ልጅ ሲወራ ቆይቶ ነው ሕመሙ ቀስ ብሎ የሚወጣው። ስልክ ክፍል ከገባች ሁሉም ደህና ነኝ እያሉ እንደሚያልቁ ታውቃለች። ይህን ስታስብ እንቅልፍ ታጣለች።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቀጭንና ቀላል ላፕቶፕ ያስፈልጋታል። ልጇ ሊኖር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ ኢንተርኔቱን ስትፈትሽ ውላ አገኘችላት። ብርማ፣ ስስ፣ ኪሎ እንኳ የማይሞላ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ የሚቆይ። ፎቶውን በስልኳ ላከችላትና «ኢማ፣ ዜ ሁ፣ ይኼው ነው። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ቢልሽ እንዳትሰሚ» አለቻት።

ሌላ ሰው የተባለው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ታላቅ ወንድሟ አሸናፊ ነው። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ አባት ሆኖ ያሳደጋት፣ የዳራት፣ ባሏ ሲሞትም ሀዘኗን የተቀበለላት እሱ ነው። ከብረታ ብረት ፋብሪካው ቀደም ብሎ ጡረታ ወጥቶ ቤት ከዋለ ጊዜ ጀምሮ የሚያደርገውን አጥቷል፤ የማንኛውም ዘመድ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ይሻሽ ላፕቶፕ ልትገዛ መሆኑን ሲሰማ ደወለ። «እኔ ነኝ የምገዛልሽ። ከሱቁ የመጨረሻውን ምርጥ። እንዳትከራከሪኝ።» እሷ እንደሆነ ከአሸናፊ ጋር ተከራክራ አታውቅም። ስለ ቀዶ ጥገናውም አልነገረችውም ነበር። ያን ሰሞን የልብ ምርመራ ላይ ስለነበር ይደነግጣል ብላ «ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው» አለችው፤ ዘመዱ ሁሉ አብሮ አፉን ዘጋ። እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለሚወዱት ሰው የሚነገረው ካለፈ፣ ከተረሳና ከደረቀ በኋላ ነው።

አብረው ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ቤንያሚን የሚባል ሻጭ ተቀበላቸው፤ ትሑት ልጅ፣ ፂሙን አሳምሮ የከረከመ። ገና ከመግባታቸው ፊቱን ወደ አሸናፊ አዞረ፣ ከዚያም አልመለሰውም። ይሻሽ ግን ብርማውን ላፕቶፕ ከሩቅ አየችው። ሄዳ በግራ እጇ አነሳችው። ሲዘጋ ከቁርስ ትሪ አይወፍርም። ልቧ ድንገት በራ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከእጇ ጋር ያልተጣላ ዕቃ ያዘች።

«እስቲ አምጪው» አለ አሸናፊ። በመዳፉ መዘነው፣ ፊቱን ቋጠረ። ከዚያም ፋብሪካ ውስጥ ብረት እንደሚፈትሽ በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ቆርቆሮ ነው» አለ።

ቤንያሚን አሉሚኒየም መሆኑን፣ ቀጭን የተደረገው ሆን ተብሎ መሆኑን አስረዳ።

«የመሰኪያው ቀዳዳስ? ሁለት ቀዳዳ ብቻ? ሌላውን ምን በላው?»

ሁሉም ነገር አሁን በእነዚህ በሁለቱ ነው የሚሠራው አለ ቤንያሚን። ደግሞ ይኼ ማራገቢያ የለውም፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ሲሠራ ድምፁ አይሰማም።

«ድምፅ የሌለው ማሽን መሥራቱ በምን ይታወቃል?» አሸናፊ ወደ እህቱ ዞረ። «ስሚ ይሻሽ፣ ይኼ ልጅ ማራገቢያውን አውጥቶ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ብረቱን አሳስቶ፣ ከዚያ ከሁሉም አስወድዶ ሊሸጥልን ነው። ለብሩ እንዳይመስልሽ። ብሩ ገደል ይግባ። ለእህቴ ግን ባዶ ዕቃ አልሰጥም።»

ይሻሽ እዚህ ላይ መናገር ነበረባት። ስልኳ ውስጥ ፎቶው አለ። እጇም ኪሷ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ጨብጧል። ያወጣችው ግን ይህን ነው፦ «ቀለል ያለው ለመያዝ አይሻልም ትላለህ፣ ጋሼ?»

ጥያቄ አድርጋ! እንደሚጠይቅ ሰው አንገቷን ሰበር አድርጋ! አሸናፊም እንደ ጥያቄ መለሰላት። «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ።»

ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን ጥቁሩን አየ። ወፍራም፣ ማዕዘኖቹ የሾሉ፣ ፊደሎቹ ሥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት የሚሯሯጥበት። በሁለት እጁ ሲያነሳው ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ፈካ። «ዕቃ እንዲህ ነው!» አለ። ቤንያሚን ይኼኛው ለኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠራ እንደሆነ፣ ወጣቶች ለውድድር እንደሚገዙት ለመናገር ሞከረ። ይህ ደግሞ አሸናፊን ይበልጥ አሳመነው። «ለጨዋታ ይኼን ያህል ካበረቱት ለሥራማ አስቢው!»

ቤንያሚን በዚህች ሰዓት ብቻ፣ ምናልባት ፊቷን አይቶ፣ ወደ እሷ ዞረ። «ጌቬሬት፣ ማ አት ሮጻ?» አንቺስ የትኛውን ትፈልጊያለሽ ነው ያላት። ጥርት አድርጎ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣላት? አሸናፊ ጥቁሩን ታቅፎ ቆሟል። ደስ ብሎታል። ፋብሪካው ከሸኘው ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየችውም። ባዕድ ሰው ፊት፣ ሰጪው እየሰማ፣ የሰጠኸኝን አልወደድሁትም እንዴት ትበል?

«ጋሼ እንዳለ ይሁን» አለች፤ ለሻጩም «ቤሴደር፣ ቤሴደር»፣ እሺ እሺ፣ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቤንያሚን ትከሻውን ሰብቆ ካርቶን ሊያመጣ ሄደ። ቻርጀሩ ብቻውን አንድ ጡብ ያክል ነበር።

በነጋታው ሥራ ገባች። አንድ ቤት፣ ሁለተኛ ቤት፣ ሦስተኛ ቤት፣ ሁሉም ላይኛው ፎቅ። ቦርሳውን በግራ ትከሻዋ አደረገችው፤ ግራው ሲዝል ሳታስበው ወደ ቀኝ ታዞረዋለች፤ ያኔ ከአንገቷ እስከ ክርኗ እሳት ይወርዳል። የደረጃ መደገፊያ ይዛ ቆማ፣ ማንም በሌለበት፣ ላፕቶፑን ሰደበችው። ቤንያሚንን ሰደበች። ምላሷን ሰደበች። አሸናፊን ለመስደብ ግን በባዶ ደረጃ ላይ እንኳ አፏ አልታዘዘላትም። ማራገቢያው ደግሞ ሲነሳ አውሮፕላን የሚያርፍ ነው የሚመስለው፤ ሐኪሟ ያለችው አይሰማም። አንዷ እማማ የሚሯሯጠውን ቀይና አረንጓዴ መብራት አይተው «ሐኪሟ ሰርግ ላይ ናት እንዴ? ካስቸገርናት ሌላ ቀን ይሁን» አሉ። ይሻሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሊያስለቅሳት ምንም አልቀረውም ነበር።

ማታ ራት ሲበሉ ሹካውን በግራዋ ስትይዝ ሊኖር አየቻት።

«ናሕዚር ኦቶ ማሐር» አለች ሊኖር። ነገ እንመልሰው። «ኢማ፣ ፓሹት፣ ቀላል ነገር ነው፤ እንሄዳለን፣ እንቀይራለን።»

«ነውር ነው።»

«ምኑ ነው ነውሩ? አንቺን እያሳመመሽ!»

«ስጦታ ነው። ጋሼ የሰጠኝን ሱቅ ወስጄ ልጥል ነው? ሲመጣና ሌላ ሲያይ ምን ልለው ነው?»

«ካቬድ ሊ፣ ከበደኝ በይው! ሁለት ቃል ነው!»

«አንቺ አታውቂም።»

«ዲ፣ በቃ፣ ኢማ!» ብላ ሊኖር ሳህኗን ይዛ ተነሳች። በዕብራይስጥ አንድ ነገር እያጉተመተመች ወደ ክፍሏ ገባች፣ በሩም ተዘጋ። ከበሩ ጀርባ ስልክ ስታናግር ድምፅዋ ይሰማ ነበር። ይሻሽ ጓደኛዋን የምታነጋግር መስሏት ሳህን አጠበች።

ጓደኛዋን አልነበረም። ጠዋት በሩ ተንኳኩቶ ስትከፍት አሸናፊ ቆሟል፤ ኮፍያውን አድርጎ፣ ስፖርት ጫማውን አስሮ፣ ለዘመቻ የተዘጋጀ መስሎ። ፊቱ ግን የተቆጣ ሰው ፊት ነው።

«ቀዶ ጥገና!» አለ። «ከልጅ ልስማ?»

«ልብህን ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ልቤን ተዪው፤ ልቤ የራሱ ሐኪም አለው።» ገብቶ ቦርሳውን አነሳና አንገቱ ላይ አጠለቀው። «ከዛሬ ጀምሮ ይኼን የምሸከመው እኔ ነኝ። ሥራ የለኝ። ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ አንቺ ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ። አለቀ።»

ይሻሽ ሸክሙ እንዲቀልላት ፈልጋ፣ እሱ ራሱን ጨምሮ መጣላት። ሊኖር ከክፍሏ ብቅ ብላ ይህን ስታይ ግንባሯን በእጇ መታች። «ዶድ፣ ሎ ለዜ ሂትካቫንቲ!» አለች፤ ይኼን ማለቴ አልነበረም አጎቴ። አሸናፊ ግን ደረጃውን ግማሽ ወርዶ ነበር።

የመጀመሪያው ቤት የአባባ ጀምበሩ ነበር፤ ስኳራቸው ከፍ ዝቅ የሚል ሽማግሌ ናቸው። እዚያ ነገሩ አማረ፣ እንዲያውም ከልክ በላይ አማረ። ሁለቱ ወንዶች ስለ ፋብሪካው ወሬ ጀመሩ፤ ማን ጣቱን እንደተቆረጠ፣ ማን የሠራተኛ ማኅበሩን እንደመራ። ሐኪሟ ዶክተር ረዑት በስክሪኑ ውስጥ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ይሻሽ ሦስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሲወጡ አሸናፊ በደስታ «አየሽ? ሰው ሲኖር ሰው ይፈታል» አላት። ይሻሽ ያለፈውን ጊዜ ሰዓቷ ላይ እያየች ደረጃውን ወረደች።

ሁለተኛው ቤት የእማማ ኩኩ ነበር።

እማማ ኩኩ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። በዋዜማው ራሳቸው ደውለው ነበር፤ የማይደውሉ ሰው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገ ስትመጪ የምነግርሽ አለ። ልጆቹ ሥራ ናቸው» ብለው ዘጉ። ይሻሽ ሌሊቱን ሙሉ ምን ይሆን ስትል አድራለች።

ደጁ ላይ ቦርሳውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። «ስጠኝ ጋሼ፣ አንተ እዚህ ነፋስ ተቀበል።»

«ምን በወጣኝ፣ እማማን ሳልሳለም?» ብሎ ቀድሟት ገባ። ጉልበት ስሞ ተሳለመ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ እንደ ባለቤት ከፈተው። መብራቶቹ ሲሯሯጡ በኩራት ዞር ዞር ብሎ አየ። እማማ ኩኩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፣ ይሻሽን አዩ፣ ከዚያ መሬቱን አዩ።

ዶክተር ረዑት ብቅ አለች። እንዴት ናቸው ስትል ጠየቀች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

የሚያማቸው ነገር አለ?

«ምን አለብኝ? ምንም።»

ይሻሽ ይህን ወደ ዕብራይስጥ ስትመልስ ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነባት። «ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከታች ካለው ሱቅ ለእማማ ወተት ብትገዛላቸው?»

«ኧረ አትድከም ልጄ፣ ወተት አለኝ» አሉ እማማ ኩኩ፤ ይሉኝታ ይዟቸው።

«ስልኬን እዚያ አባባ ጀምበሩ ቤት ረስቼው እንዳይሆን፣ ጋሼ...»

«ይኸው እጅሽ ላይ» አለ አሸናፊ፣ በርኅራኄ እያያት። «ደክሞሻል አንቺ።»

ዶክተር ረዑት ሌላ በሽተኛ ይጠብቃታል። መዝገቡን ተመለከተች፣ የግፊት መድኃኒቱ ይቀጥል አለች፣ ከዚያም ወደ ካሜራው ፈገግ አለች። «አዝ ሃኮል ቤሴደር? ሁሉም ደህና ነዋ? ከሦስት ወር በኋላ እንገናኝ።» እጇ ጥሪውን ሊዘጋ ወደ ፊት ተዘረጋ። እማማ ኩኩ ቀና ብለው ይሻሽን አዩአት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ሬጋ፣ አንዴ ቆዪ፣ ዶክተር!» አለች ይሻሽ። ከዚያ ዞረች። «ጋሼ፣ ውጣ።»

«ምን አልሽ?»

«ውጣልን አልሁህ። የሴት ጉዳይ ነው። አንተ እያለህ አይነገርም።»

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። አሸናፊ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። በሰው ቤት፣ በትልቅ ሰው ፊት፣ እንደ አባት ያሳደጋት እህቱ ውጣ ብላዋለች። ተነሳ። ለእማማ ኩኩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ኮፍያውን ከሶፋው አነሳና ወጣ። የደረጃው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ያኔ እማማ ኩኩ ተናገሩ። ከፋሲካ ወዲህ ደም ይታያቸዋል። በዚህ ዕድሜ! ጨርቁን በየማለዳው ልጆቹ ሳይነሱ ያጥባሉ። የዶክተር ረዑት ፊት ተለወጠ፤ ወንበሯን ወደ ካሜራው አስጠጋች፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ አመጣች፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ደውላ ለማግሥቱ ጠዋት የምርመራ ቀጠሮ አስያዘች። እማማ ኩኩ የይሻሽን እጅ ይዘው «እናንተ ባትመጡ ይኼንን ማን ይሰማኝ ነበር» አሉ። ነገ አብራቸው እንደምትሄድ ቃል ገባችላቸው። ላፕቶፑን ስትዘጋ ለእማማ ኩኩም፣ ለራሷም ፈርታ ነበር።

ቦርሳውን በግራዋ አንጠልጥላ ወረደች። አሸናፊ ከሕንፃው በር አጠገብ፣ ጥላ ባለበት አጥር ላይ ተቀምጧል። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሽከረክረዋል። ደረጃውን ስትወርድ የይቅርታ ቃል ስታዘጋጅ ነበር፦ ጋሼ እግርህ ሥር ወድቄ፣ ጋሼ አጥፍቻለሁ።

«አስወጣሽኝ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«አስወጣሁህ» አለች። የተዘጋጀው ይቅርታ የት እንደገባ አላወቀችም። «ካላስወጣሁህ አትወጣማ! ወተት ስልህ አልሰማህ፣ ስልክ ስልህ አልሰማህ። ሱቁ ውስጥም አልሰማህ። ከብዶኛል ጋሼ! ይኼ ላፕቶፕ ገና ሱቅ ውስጥ ሳለ ነው የከበደኝ። እኔ የፈለግሁት ያቺን ስሷን ነበር። አንተ ይዘህልኝ ስትዞር ደግሞ ሴቶቹ አፋቸውን ዘጉብኝ። እኔ ያለእነሱ ምን ሥራ አለኝ?»

አሸናፊ ኮፍያውን ማሽከርከር ተወ።

«ሱቁ ውስጥ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የአንተ ስጦታ ነው። እንዴት ብዬ?»

አንድ አውቶቡስ ቆሞ፣ ሰው አውርዶ፣ አቧራ አስነስቶ ሄደ።

«ከአገር ወጥተን በእግር ወደ ሱዳን ስንወርድ እግርሽ አብጦ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አታስታውሽውም፣ ጭላ ልጅ ነበርሽ። ሌሊት ሌሊት ነው የምንጓዘው። ከቆላው አፋፍ ጀምሮ በእኔ ጀርባ ነው የሄድሽው። አባታችን ዞር እያለ ‹ከበደችህ ወይ?› ይለኛል። ‹ኧረ ላባ ናት› እለዋለሁ።»

«ይኼንን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ከብደሽኝ ነበር፣ ይሻሽ።» ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «ጉልበቴ እስኪብረከረክ ከብደሽኝ ነበር። ጎረምሳ ብሆን ምን አባቴ አቅም ነበረኝ? ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ብናገርስ? አባታችን ታሟል፣ እናታችን ሌላ ሕፃን አዝላለች። ለማን ልስጥሽ?»

ይሻሽ አጠገቡ ልትቀመጥ ስትል ግን እሱ ድንገት ቱግ ብሎ ተነሳ፤ እንዲህ ተቆጥቶ አይታው አታውቅም።

«አንቺሳ? አንቺን ምን አፍሽን ያዘሽ? እኔ ፊት ለፊትሽ ቆሜ የለም እንዴ? እጄ ባዶውን አይደለም እንዴ? የሚቀበልሽ ሰው እያለ ዝም የምትዪ አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ትከሻሽን ቀደው ሲሰፉትም ዝም! ልጅሽ ናት የምትነግረኝ! እኔ ለዚህ ነው የተሸከምሁሽ?»

እንባዋ ወረደ። በሕንፃው በር የሚያልፍ ሰው ቢኖርም ግድ አልሰጣትም። ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ ዘረጋችለት።

«እንካ» አለችው። «ከብዶኛል።»

ተቀበላት። አንገቱ ላይ አጠለቀው፣ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መንገድ ጀመረ። ጥቂት ሄዶ ቆም አለና ዞረ።

«ያን ሻጭ የምታነጋግሪው አንቺ ነሽ» አለ። «እኔ ከሱቁ ውጭ እጠብቅሻለሁ።»

«አይ፣ ግባ» አለች ይሻሽ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አብረኸኝ ትገባለህ። ገብተህ ግን ዝም ትላለህ።»